ለደንበኞቻችን፦ አንድ ጠላቂ ብቻውን የማንልክበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ቅሬታችሁ በስልክም በአካልም ደርሶናል። "ውኃ ውስጥ ያለው ሥራ የሃያ ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ለምን አራት ሰው ይዛችሁ ትመጣላችሁ?" የምትሉን ብዙ ናችሁ። ከሁሉ በላይ ያስቀየማችሁ ደግሞ ባለፈው ወር አንድ የመስኖ ፓምፕ ቦታ ድረስ ሄደን፣ ጠላቂ ሳናስገባ ተመልሰን የመጓጓዣውን ሒሳብ መጠየቃችን ነው። አዲሱን አሠራርና ዋጋ አስቀድመን በጽሑፍ ሳናሳውቃችሁ ቦታው ላይ መንገራችን የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንለውጠውም። "ገንዘብ ፈልገው ነው" የሚለው ቃል ስለከበደን ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳችሁ ወደናል።

ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ብዙዎቻችሁ "ይህ ምን ያስፈራል?" የምትሉት ለዚህ ይሆናል። ጠላቂያችን ግን የሚሠራው በዳሰሳ ነው። በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ ደለል ይዘው ሲገቡ፣ በባሕሩ ዳርቻ የራሱን እጅ የማያይበት ቀን ብዙ ነው። ያንን ጭቃ ውኃ የዓሣ መረብ፣ የእምቦጭ ሥር፣ የተጣለ ሽቦና ገመድ ሞልቶታል። ቀጭኑ የናይለን መረብ በጠራ ውኃም በደንብ አይታይም። ጠላቂው በጀርባው በሚሸከመው የአየር ሲሊንደር ቫልቭ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ ጠላቂው በራሱ እጅ አይደርስበትም። ስለዚህ ታች ያለውን ሰው ከእኛ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱ።

ገመዱ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ በየ5 ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ነው። የሚታሰረው ጠላቂው ከተንሳፋፊ ጃኬቱ ሥር በሚለብሰው የደረት ማሰሪያ ላይ፣ በሚቆለፍ ካራቢነር (የብረት ማያያዣ) ነው። ጃኬቱ ላይ ቢታሰር፣ ጠላቂው ከመረብ ለመውጣት ጃኬቱን ባወለቀ ጊዜ ገመዱም አብሮ ይሄዳል። ገመድ ያዡ ጀልባው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ገመዱን እጁ ላይ አይጠመጥምም፤ በመዳፉና በአውራ ጣቱ መካከል ይዞት የታችኛውን ሰው እንቅስቃሴ ያዳምጣል። ከላላ ምልክት አይደርስም፤ ከጠበቀም ጠላቂውን ከሥራው ያነሳዋል። በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ ይስባል፤ "ደህና ነህ?" ማለት ነው። ታች ያለውም በአንድ ይመልሳል። በእኛ ቤት ሁለት ስበት "ገመድ ልቀቅ"፣ ሦስት "ውጣ" ወይም ከታች ከመጣ "እየወጣሁ ነው"፣ አራትና ከዚያ በላይ "ችግር አለ" ነው። መልስ ካልመጣ ወዲያው ይደገማል። ሁለተኛውም ካልተመለሰ ተጠባባቂው፣ ማለትም ለእርዳታ የተዘጋጀው ሌላው ጠላቂ፣ ይገባል። ገመድ ያዡ በጉልበት ጎትቶ ለማውጣት አይሞክርም፤ መረብ የያዘው ሰው ሲጎተት መተንፈሻው ከአፉ ሊወልቅ ይችላል።

ተጠባባቂው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው ብላችሁ የቀለዳችሁ አላችሁ። ሰውየው የተቀመጠው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሲሊንደሩን ከፍቶ፣ መነጽሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውኃ መግባት አለበት። ገመዱን እየተከተለ ይወርዳል፤ ለተያዘው ሰው የራሱ መተንፈሻ ያለው ትርፍ ሲሊንደርና ሁለት መቁረጫ ይዟል። እሱን "ትርፍ ሰው" ብሎ ማስቀረት ለእኛ የማይሆን ነገር ነው።

አራተኛው ጀልባውንና ሰዓቱን የሚጠብቀው የሥራ መሪ ነው። ጠላቂ ውኃ ውስጥ ሳለ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቁልፉም ከመሪው ኪስ አይወጣም። ነጭ መስመር ያለበትን ቀይ ባንዲራ እንሰቅላለን፤ "ጠላቂ ውኃ ውስጥ አለ" ማለት ነው፤ ግን ትርጉሙን የሚያውቅ የጀልባ ነጂ ጥቂት ስለሆነ የሚመጣውን ጀልባም ታንኳም ተጣርቶ የሚያርቅ ሰው ያስፈልጋል። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውም እሱ ነው፤ "3፡10 ገባ፣ 200 ባር፤ 3፡22 መልስ ሰጠ፣ አረፋው የተስተካከለ፤ 3፡33 ወጣ፣ 90 ባር።" ባር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ግፊት መለኪያ ነው። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 10 ሜትር ላይ የሚታገል ሰው በደቂቃ ከ50 ሊትር በላይ ሊጨርስ ይችላል፤ ሲደነግጥ ደግሞ እጥፍ። ለዚህ ነው ጠላቂውን በአንድ ጊዜ ከ25 ደቂቃ በላይ ውኃ ውስጥ የማናቆየው፤ "ትንሽ ነው የቀረው፣ ይጨርስ" ስትሉን እምቢ የምንለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ። ቅር ያላችሁበትን ቀን በደንብ እናስታውሰዋለን። "መብራት ስለሌለ ፓምፑ አይሠራም፤ ግቡ" ተባልን። መብራት መጥፋት ማለት ተቆለፈ ማለት አይደለም። መብራት ሲመለስ ፓምፑ ራሱ የሚነሳ ከሆነ፣ ጠላቂው እጁ መምጠጫው አፍ ላይ እንዳለ ሊነሳበት ነው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በውስጡና በውጭው መካከል የ1 ሜትር ውኃ ልዩነት ብቻ ቢኖር ሰውን በ70 ኪሎ ያህል ኃይል ይይዘዋል፤ በ3 ሜትር ልዩነት 210 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ የሚያላቅቅ ጉልበት ገመድ ያዡም ተጠባባቂውም የላቸውም። ስለዚህ ብሬከሩ (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) ወርዶ ጓንጉል ቁልፍ ይደረግበታል፤ ቁልፉ እኛ ዘንድ ይቆያል፤ ከዚያ የፓምፑ ማስነሻ ተሞክሮ አለመነሳቱ ይታያል። የናፍጣ ሞተር ከሆነ የባትሪው ሽቦ ይፈታል። ያን ቀን የብሬከር ሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው አልተገኘም። ተመለስን፤ ዛሬም ቢሆን እንመለሳለን።

ከፍታውም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ 12 ሜትር የወረደ ሰው በጠላቂዎች የጥልቀትና የሰዓት ሰንጠረዥ የሚቆጠርለት ባሕር ላይ ወደ 15 ሜትር እንደወረደ ነው። ቶሎ ከወጣ በሰውነቱ ውስጥ የጋዝ አረፋ ሊፈጠር ስለሚችል አወጣጡ በዝግታ ነው፤ ደጋግሞ ከጠለቀ በኋላም ጠላቂው ለ18 ሰዓት አውሮፕላን አይሳፈርም። የማደሪያ ሒሳብ የምናስገባው ለዚህ ነው። ጀልባው ላይ ኦክስጅን ይኖራል፤ በደቂቃ 15 ሊትር ለመስጠት 10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ለ100 ደቂቃ ይበቃል። መገጣጠሚያው ያመመው ወይም እጁ የደነዘዘ ጠላቂ ኦክስጅን እየተነፈሰ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይጠልቅም።

ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ ጀምረን 6 ሰዓት ሳይሞላ የምንጨርሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳ ነው። ወደ ደንገሉና ወደ አባይ መውጫው በንጋትና በምሽት የማንጠጋበትን ምክንያት ለጣና ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ጉማሬውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ዋጋው ከቀድሞው አንድ ተኩል እጥፍ ሆኗል፤ አንደብቅም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ በገበያ ከተወሰነ ጀምሮ ሲሊንደሩን አየር የሚሞላው የኮምፕረሰሩ ማጣሪያ፣ የመተንፈሻው ጎማና መለዋወጫ ሁሉ ውጭ ምንዛሪ ነው የሚጠይቁት። ማጣሪያውን ደግሞ አንቆጥብም፤ ከሞተር ጭስ ትንሽ ወደ ሲሊንደሩ ቢገባ ጠላቂው ታች ሆኖ ይመረዛል። ስስ አየር ስለሆነ ባሕር ጠረፍ 20 ደቂቃ የሚፈጀው አንድ ሲሊንደር መሙላት እዚህ ወደ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ የነዳጁን አስቡት።

በርካሽ የሚወርድ ዋናተኛ ልጅ እንዳገኛችሁ የነገራችሁን አላችሁ። የእናንተ ምርጫ ነው፤ ግን እባካችሁ ቢያንስ ፓምፑን ቆልፉለት። ይህ ድርጅት በአንድ ሲሊንደርና በተውሶ ጀልባ ሲጀመር ቅድሚያ ክፍያ ሰጥታችሁ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ፤ ይህን ሳንረሳ ነው የምንጽፈው። አጠገብ ለአጠገብ ያላችሁ ባለ ጀልባዎች በአንድ ቀን ብታሠሩ የቡድኑን መጓጓዣ ተካፍላችሁ ትከፍላላችሁ፤ ይህን ለማመቻቸት ዝግጁ ነን። በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያላችሁ ባለ ፓምፖች የብሬከሩን ቁልፍ የያዘው ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ እንዲጠብቀን አደራ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ባሕር ዳር