ደማችን ላይ የተጠናው ነገር ለምን እኛ ጋ አይደርስም?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ክረምት ላይ ታናሽ እህቴ በኦፕራሲዮን ወለደችና ስትወጣ ለቁስሉ ህመም ትራማዶል ታዘዘላት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ በደንብ ነው የረዷት። ቤት ገባን፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ በሁለተኛው ቀን ግን እህቴ እያወራናት እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል፣ ህፃኗም ጡት ይዛ ሁለት ሶስቴ ሳብ ታረግና ትዝለፈለፋለች። እማዬ «አራስ ልጅ እንቅልፋም ነው አብሽሩ» አለችን። ኮምቦልቻ ፋርማሲ የምትሰራው የአክስቴ ልጅ ናት በስልክ ስትሰማ የጮኸችብን፣ «አሁኑኑ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ መድኃኒቱንም አሳዩ» ብላ። ሀኪሙ ማስታገሻውን ቀየረላት፣ በማግስቱ ልጅቷ እያለቀሰች መጥባት ጀመረች። ትራማዶሉ ነው ብዬ አልምልም፣ ማንም አልመረመረውም፣ ግን ከዛ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ትራማዶልና ኮዴን የሚባለው ሌላው ማስታገሻ፣ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው ወደ ጠንካራው ማስታገሻ የሚቀይራቸው፣ ኮዴንን ወደ ሞርፊን ማለት ነው። የኢንዛይሙ ጂን ተደራርቦ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚቀይረው ለሌላው ልክ የሆነው ፍሬ ለሱ ሊበዛበት ይችላል፣ የምታጠባ ከሆነች ደግሞ በወተቷ በኩል ለልጇም ያልፋል። በፈረንጆቹ 1996 እነ እሌኒ አክሊሉ 122 ኢትዮጵያውያን ላይ ባወጡት ጥናት ይሄ የተደረበ ጂን 29 ፐርሰንቱ ላይ ነው የተገኘው፣ ስዊድኖች ላይ ግን 1 ወይ 2 ፐርሰንት። በጥናቱ ከመቶ ሰላሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን በ2017 ሁለቱንም ከ12 አመት በታች ላሉ ልጆች ከልክሎ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ መክሯል። ጥናቱ የኛ ደም ላይ ሆኖ እህቴ እጅ ላይ የገባው የመድኃኒት ፓኮ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል በአማርኛ የለም።

ደም ማነስም ላይ እንደዚሁ ነው። ደም ማነስ የሚለካው ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት ከፍታ ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር ከፍ ያለ ቦታ ለሚኖር ሰው ከሄሞግሎቢኑ ላይ ቀንሳችሁ አስሉ ይላል፣ በ2002 የታተመ ጥናት ግን ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባህር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ነው ብሏል። እንግዲህ የሀረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ የምትመረመር ነፍሰጡር በየትኛው ነው የምትሰላው?

አባቴ የዛሬ ስንት አመት ለጥናት ብለው ደም ወስደውበት ነበር፣ ውጤቱን እስከዛሬ አልሰማም፣ አሁን ሌላ ቢመጣ ክንዱን አይሰጥም፣ እኔም አልፈርድበትም። ግን ሁላችንም እምቢ ካልን የኛ ልክ መቼም አይታወቅም፣ እና አጥኚዎች እባካችሁ ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን በአማርኛ ንገሩን።

ጤና ቢሮም እባካችሁ፣ ለአራስ ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ወረቀት ይሰጥ፣ ከባድ እንቅልፍ ከያዘሽ ወይ ልጁ አልጠባ ካለ ወይ አተነፋፈሱ ከተቀየረ ቶሎ ነይ የሚል። እናቶችም በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከተገኘ ፎቶኮፒውን እኔ ችዬ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ቤት ለቤት አድላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ