የመክፈቻ ሰዓታችንና የልብስ መሞከሪያ ክፍላችን ስለተለወጡበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

በጎንደር ፒያሳ የሚገኘው ልብስ ስፌት ቤታችን ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ለምን እንደማይከፈት፣ የመሞከሪያ ክፍሉስ ወዴት እንደሄደ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ልብሳችሁን የሚሰፉት ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ እየተመከረ፣ ፈቃዱ የሚያልቀው ግን ልጁ ገና በሦስት ወሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ በግል ድርጅት ለምትሠራ እናት ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይህን ግዴታ አላስቀመጠላትም። እናቷ በቅርብ ያለችላት ልጇን ለአያቱ ትተዋለች፣ አቅም ያላት ሞግዚት ትቀጥራለች ወይም ለግል ማቆያ በየወሩ ትከፍላለች። ከገጠር መጥታ አዘዞ ቤት የተከራየች ልብስ ሰፊ ግን ዘመድም ገንዘብም የላትም፤ ማቆያ ብታገኝ እንኳ በሩ የሚከፈተው እሷ ታክሲ ውስጥ መሆን በሚገባት ሰዓት ነው። በእኛ እምነት ማቆያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው፤ የማይደርሰውም ለእሷው ነው።

አንዲት ሠራተኛችን ልጇን በአንቀልባ አዝላ በኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ስትሠራ የጨርቁ ብናኝ በሕፃኑ ሽፋሽፍት ላይ አርፎ አይተናል፤ የጋለ ካውያና መቀስ ባለበት ቤት ደግሞ መዳህ የጀመረ ልጅ መልቀቅ አይታሰብም። ስለዚህ የመሞከሪያ ክፍሉን ምንጣፍ አንጥፈን ማቆያ አደረግነው፤ የቀጠርናት ተንከባካቢ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስለምትደርስ መክፈቻችን 3 ሰዓት ሆኗል። በቅዳሜ ገበያ ጉሊት ላይ ልጅ ታቅፈው ለሚውሉት እናቶች ይህች ክፍል እንደማትደርስ እናውቃለን፤ እሱ ከአንድ ስፌት ቤት አቅም በላይ ነው።

ልብስ መሞከር ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በመጋረጃ በተከለለው የሱቁ ጥግ ይሆናል (የልጅ ለቅሶ አልፎ አልፎ መሰማቱ አይቀርም፤ እንድትታገሡን እንጠይቃለን)። ለተንከባካቢዋ ደመወዝ ማገዣ በሐበሻ ቀሚስ ስፌት ላይ 50 ብር ጨምረናል። በተማሪ ዩኒፎርም ላይ አልጨመርንም፤ ዩኒፎርም የምታሰፉ ወላጆች አብዛኞቻችሁ በዚሁ ችግር ውስጥ ናችሁና።

ለጥምቀት የሚሰፋ ጨርቅ እስከ ታኅሣሥ 10 ቀን ካስረከባችሁን ከከተራ በፊት እናደርስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የስፌት ቤቱ አስተዳደር