የድሮ ቅጂዎቻችንን ለመገልበጥ ትልቅ ኮምፒውተር አይጠበቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ የቆዩ የድምፅ ቅጂዎች ወደ ዲጂታል እንዲገለበጡ የሚጠይቀውን፣ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ከፍተኛ አቅም ባላቸው ኮምፒውተሮች የተደራጀ ማዕከል ከተቋቋመ በኋላ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበለውም። ድሬዳዋ ውስጥ ካሴትና የሪል ቴፕ በመገልበጥ እንደሚተዳደር ሰው፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ እንደሚበቃና ገንዘቡ መዋል ያለበት ሌላ ቦታ እንደሆነ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

አፍረን ቀሎ በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተመሠረተ የሙዚቃ ቡድን ነው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያጣነው ዓሊ ቢራም ገና በልጅነቱ ማዜም የጀመረው ከእርሱ ጋር ነበር። ከእነዚያ ዓመታትና ከተከተሉት የካሴት ዘመናት የተረፈው የሠርግ ዘፈን፣ መንዙማና የሐረሪዎች መንፈሳዊ ዝማሬ የሆነው ዚክሪ ብዙው ዛሬም ከአልጋ ሥር በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ነው። በሐረር ጀጎል የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የሰበሰባቸው የድምፅ ቅጂዎች፣ በአንድ ሰው ትጋት ምን ያህል ማዳን እንደሚቻል ያሳያሉ። በካርቶን ውስጥ ያለው ቴፕ ግን በጀት እስኪጸድቅ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የድምፅ ቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚመርጡት ልክ 96 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ሲሆን፣ ይህም ድምፁ በሴኮንድ 96,000 ጊዜ ተለክቶ እያንዳንዱ ልክ በ24 ቢት ይጻፋል ማለት ነው። የግራና የቀኙ ድምፅ ሲደመር በሴኮንድ 576,000 ባይት፣ በሰዓት ደግሞ 2 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ብዙ ቢመስልም፣ ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ (የኮምፒውተሩ ፋይል ማስቀመጫ) እንኳ በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚጽፍ ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ24 ቢት ጥቅም ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ላለው ስፋት 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ስለሚጨምር፣ ገልባጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢቀዳና ድንገት ለሚመጣ እልልታ ወይም ከበሮ 12 ዴሲቤል ቦታ ቢተው የሚያጣው ነገር የለም። 192 ኪሎኸርዝ ካልሆነ ብለው ለሚከራከሩት ግን፣ ተራ ካሴት የሚይዘው፣ ቅጥነቱ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ጥቂት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ልክ የተቀዳ የ90 ደቂቃ ካሴት 6 ጊጋባይት ስለሚያልፍ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ መያዝ የማይችለው የተለመደው የዌቭ (የድምፅ ማስቀመጫ) ፋይልም አይበቃውም።

ኮምፒውተሩ በእርግጥ የሚፈተነው ከተገለበጠ በኋላ ነው። የቴፑን ሹክሹክታ መቀነስ፣ ድንገተኛ ጠቅታዎችን ማውጣትና ከመብራት መስመር የሚገባውን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከነብዜቶቹ መቁረጥ ብዙ ስሌት ይጠይቃሉ። እዚህም ላይ ቢሆን የዛሬ ትናንሽ ኮምፒውተሮች አይታሙም። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕል የራሱን ኤም1 ፕሮሰሰር የገጠመበት ማክ ሚኒ ከወጣ ወዲህ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና ጎኑ 13 ሴንቲሜትር የማይሞላው ማክ ሚኒ በመነሻ ዋጋው 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ለስቴሪዮ ቅጂ ትልቅ ሳጥን የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚያ በርካሽ የሚገኙ፣ በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ የሚሠሩ ሚኒ ፒሲዎችም አሉ፤ ኦዳሲቲን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ሁሉም ላይ ይሠራል። ጉድለታቸውንም አልደብቅም። የኬብል መሰኪያቸው ጥቂት ነው፤ የማክ ሚኒ ሜሞሪ ደግሞ ከተገዛ በኋላ አይጨመርም፤ ስለዚህ 8 ጊጋባይት ያለውን አሮጌ ሞዴል በርካሽ አገኘሁ ብሎ መግዛት አያዋጣም።

የድሬዳዋ ሰው ይበልጥ ሊጨነቅበት የሚገባው ሙቀቱ ነው። የማክ ሚኒ አምራች መሣሪያው ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የክፍል ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ ያሳስባል፤ በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣራ ባለው የከዚራ ወይም የመጋላ ቤት ከምሳ በኋላ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ልክ እንደሚያልፍ አይጠራጠርም። ትንሽ ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማራገቢያውም ጮክ ብሎ ስለሚዞር በዚያው ክፍል በማይክሮፎን የሚቀዳ ሰው ካለ ድምፁ ይገባበታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በአምፕሊፋየር ላይ መደራረብ ወይም ከአቧራ ይጠበቅ ተብሎ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ አይገባም። ከባዱን የጽዳት ስሌት ለሌሊት መተው ይሻላል፤ ቀን ላይ መገልበጥ ብቻ ከሆነ ጭነቱ ቀላል በመሆኑ ቬንትሌተር ይበቃል። ሐረር ከእኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት።

መብራቱንም በተመለከተ ትንሹ ኮምፒውተር የተሻለ ነው። ኮምፒውተሩ፣ የካሴት ማጫወቻውና የድምፅ መቀየሪያው (ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚለውጠው መሣሪያ) ተደምረው በአብዛኛው ከ100 ዋት በታች ስለሚወስዱ፣ መጠነኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) የካሴቱን አንድ ገጽ እስከ መጨረሻው ሊያደርስ ይችላል። መብራት በመሐል ሲሄድ በትክክል ያልተዘጋ ፋይል አልከፈትም ሊል ይችላል፤ በድንገት የቆመ ያረጀ ቴፕም በማጫወቻው ውስጥ ሊጠላለፍ ይችላል። ከሁለቱ የሚያስፈራኝ ኋለኛው ነው።

ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ሥራ ብሎ ባለቀለም መብራት የጌም ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ካሴቱን ግን በዩኤስቢ በሚሰካ፣ አሻንጉሊት በሚመስል ርካሽ ማጫወቻ ሲገለብጥ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ማጫወቻ ድምፁን የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ በ16 ቢት ነው፤ ሞተሩም ፍጥነቱን እኩል ስለማይጠብቅ የዘፋኙ ድምፅ ይወዛወዛል። ድምፁ ከማጫወቻው ሳይወጣ ከቀረ፣ ከኋላው የቆመው ኮምፒውተር ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን አይመልሰውም።

ጥንቃቄ የሚገባው የማጫወቻው ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበው ክፍል ላይ ነው። እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳው በተለያየ መቅጃ መሣሪያ ስለሆነ፣ ሄዱ ከቅጂው ጋር በትክክል ካልቆመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይታፈናል። የተጠራቀመውን ዝቃጭ በአልኮል በራሰ ጥጥ ከጠረጉ በኋላ፣ የግራና የቀኙን ድምፅ በአንድነት ደምሮ እያዳመጡ፣ በሄዱ ጎን ያለውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት ማዞር ያስፈልጋል። ጭብጨባው ጥርት ብሎ ሲወጣና የ«ሰ» ድምፅ ሲሰላ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ሲሆን፣ ማንኛውም የጽዳት ፕሮግራም አይተካውም። በበጀቱ ቅድሚያ የምሰጠውም ለታደሰ ጥሩ ማጫወቻ፣ ከዚያም በ24 ቢት ለሚሠራ የድምፅ መቀየሪያ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል።

የድሬዳዋና የሐረሪ የባህል ቢሮዎች የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ከሆነ፣ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የማጫወቻውን ዓይነት፣ የመቀየሪያውን ልክ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ፋይል በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ እንዲቀመጥና አንደኛው ዲስክ ከሕንጻው ውጭ እንዲሆን የሚያዝ አንቀጽ ቢያስገቡ መልካም ነው። አንድ ሺህ ባለ60 ደቂቃ ካሴት 2 ቴራባይት ያህል ብቻ ስለሚይዝ ይህ ከባድ ወጪ አይሆንም። ጽዳት ያልነካው የመጀመሪያው ቅጂ ሳይሰረዝ እንዲቆይም በሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ዛሬ ሹክሹክታ ብለን የምንቆርጠው ውስጥ የዘፈን ቃል ሊኖርበት ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ቴክኒሻን
ከዚራ፣ ድሬዳዋ