«የት ግቢ ነው የጨረስከው?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የጻፉትን አነበብኩ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፏል፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ ፈተና ግን አላለፈም፤ «አሁን ምን ይውጠዋል?» ይላሉ። እኔ የምኖረው አዳማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደጃችን ላይ ስለሆነ ይሄ ጭንቀት በየቤቱ አለ። ፍራንኮ አካባቢ ማኪያቶ ይዛችሁ ብትቀመጡ ከጎናችሁ አንዱ የልጁን ፈተና ሲያወራ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ለእኚህ እናት የምለው አለኝ፣ ለቀጣሪዎችም እንደዚሁ።

እኔ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። በ2001 ዓ.ም. እኔና አብሮ አደጌ ዩኒቨርሲቲ ገባን። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው፣ ውጤታችንም የሚለያየው በጥቂት ነጥብ ነበር። ምደባ ሲወጣ ለእሱ አዲስ አበባ ደረሰው፣ ለእኔ ደግሞ ግንባታው ያላለቀ አዲስ ግቢ። (ስሙን አልጠራም፣ አሁን ተሻሽሏል አሉ።) ላብ (ላቦራቶሪ) የሚባል ክፍል ነበረን፣ ማሽኑ ግን ከነሳጥኑ እንደተቀመጠ ነው። ብረት የሚቀርጸው ሌዝ ማሽን ሲሠራ ያየሁት ኢንተርንሺፕ ስወጣ ነው፤ እሱንም አሠሪው «እጅህን አርቅ» እያለኝ።

በ2005 ተመረቅን። የፍጥነት መንገዱ ገና አልተከፈተም ነበር፤ በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቅን፣ ሲቪ በፕላስቲክ ይዤ አዲስ አበባ እመላለስ ነበር። አንድ ድርጅት ውስጥ ማመልከቻ የምትቀበለው ልጅ የእኔን አየት አደረገችና ለብቻው ካለ ክምር ላይ አስቀመጠችው። ምንድነው ብላት «አለቃዬ በግቢ ለያቸው ብሎኛል» አለችኝ፣ ምንም ሳትደብቅ። ከዚያ ክምር ውስጥ የተጠራ ሰው ካለ እስካሁን አልሰማሁም። ጓደኛዬ በሁለት ወሩ ሥራ ገባ። እኔ ዓመት ከሦስት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ስለዚህ የግቢ ስም ምንም አያደርግም የሚለኝን ሰው አልሰማም።

ግን የእሱ ሥራ እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ። ማስታወቂያ አይቶ አይደለም። የዶርም ልጅ ነው የነገረው፣ የዚያ ልጅ ወንድም እዚያ ይሠራ ነበር። በእኔ ዶርም ስድስት ልጆች ነበርን፣ ስድስታችንም የገበሬና የጡረተኛ ልጆች። ማን ለማን ይንገር?

አሜሪካኖቹ ይሄን ነገር በደንብ አጥንተውታል። ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2002 ባወጡት ጥናት፣ በ1976 ኮሌጅ የገቡ ልጆችን ተከታትለው ነበር። ስመ ጥር ኮሌጅ ተቀብሏቸው እያለ ሌላ ቦታ የተማሩትን፣ እዚያው ከገቡት ጋር ሲያስተያዩ ገቢያቸው ከሞላ ጎደል ያው ሆነ። ጎበዝ ልጅ የትም ይማር የት ያው ጎበዝ ነው እንደማለት። ከዚያ ወዲህ፣ በ2023፣ እነ ራጅ ቼቲ ስለ እነ ሃርቫርድ ያወጡት ደግሞ አለ፦ አማካይ ገቢ ላይ ብዙም ለውጥ የለም፣ ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ከሚደርስበት የሀብታሞች ጎራ የመግባት ዕድል ግን በግማሽ ያህል ይጨምራል።

እኔን የገረመኝ ከመጀመሪያው ጥናት ውስጥ አንዷ ነገር ናት። ከድሃ ቤተሰብ ለመጡት ልጆች ስመ ጥሩ ኮሌጅ በእርግጥ ጠቅሟቸዋል። የባለጸጋ ልጅማ አጎት አለው። ዘመድ ከዘመዱ ይባል የለ? የደሃ ልጅ ዘመድ የሚያገኘው ዶርም ውስጥ ነው። አሜሪካም አዳማም በዚህ አንድ ነን።

አንድ ልዩነት ግን አለ። እነሱ ጋ ልጁ መርጦ ነው የሚቀረው፣ እኛ ጋ አብዛኛውን የሚመድበው ሚኒስቴሩ ነው። ቀጣሪው ሲቪውን በግቢ ሲለይ የልጁን ጉብዝና የለየ ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን የለየው ምደባውን ነው።

ደግሞ አሁን ሰበብ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና አለ፤ የመንግሥትም የግልም ተማሪ በየትምህርት መስኩ አንድ ፈተና ይወስዳል፣ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። አንድ መለኪያ እያለ የግቢ ክምር ምን ይሠራል? ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ራሱ ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ተማሪ ፈቅ አይሉም ነበር።

አሁን እኔም ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ አለሁ። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል ማስታወቂያ ስናወጣ ማመልከቻው ብዛቱ ያስፈራል፣ ያቺን ልጅና አለቃዋንም ትንሽ ትንሽ መረዳት ጀምሬያለሁ። ቢሆንም ለፈተና የጠራናቸውን ሁሉ ኩሽኔቱ የተበላ ሞተር ፊት አቆማቸዋለሁ፦ «ለምን ይጮሃል?» የእኛው የአዳማዎቹ ልጆች ብዙ ጊዜ ቶሎ ያገኙታል፣ ላብ ውስጥ ነክተውታልና፤ ይሄን መካድ አልችልም። ባለፈው ግን ቀድሞ የነገረን ከሩቅ ግቢ የመጣ ልጅ ነው። የት ለመድከው ስንለው ክረምት ክረምት አጎቱ ጋራዥ ይውል ነበር። (ይኸው፣ እሱም አጎት አለው!) ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደግኖ ገና ሳይፈታው ነገረን።

አብሮ አደጌ ዛሬ በሥራም በደመወዝም ከእኔ ጋር ያው ነው፣ እንዲያውም በትንሹ እበልጠዋለሁ። ይሄን ሲያነብ መደወሉ አይቀርም። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ የት ተማርክ ያለኝ ሰው የለም፣ ምን ሠራህ ነው የሚሉኝ። ያቺ ዓመት ከሦስት ወር ግን የትም አልሄደችም። አባቴ የጡረታ ደመወዙን እየቆረሰ የሰጠኝ ያኔ ነው።

እህቴ፣ ልጅዎ የተመደበበት ይሂድ። ዲፓርትመንቱን ግን ወዶ ይምረጥ፣ ክረምቱን ደግሞ ቤት አያስቀምጡት። መካኒካል ከመረጠና ኢንተርንሺፕ ከደረሰ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያግኙኝ፣ ቦታ ልፈልግለት እሞክራለሁ። ቱታ ይዞ ይምጣ፣ እኛ ጋ ቱታ አይሰጥም።

የጥገና ክፍል ሠራተኛ
ከአዳማ