በሁለትና በሦስት ሰው የሚመጡትንም ጻፉልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ፣ ሯጭ ከሚበዛበት ሰፈር። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች የማከራየው ለወጣት አትሌቶች ነው። ጋዜጣችሁን ስገዛ መጀመሪያ የምገልጠው የስፖርት ገጹን ነው። እኔ ስጨርስ ልጆቹ ይቀባበሉታል። እና ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም።

ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር የሜዳሊያ ሰንጠረዥ ታወጣላችሁ። ከላይ አሜሪካና ቻይና ይቀመጣሉ። ከዚያ ነጥብ ነጥብ ይደረግና ኢትዮጵያ ትገባለች። በዚያው ያበቃል። ፓሪስ ላይ ከ200 በላይ ቡድኖች ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለ ሜዳሊያ ነው የተመለሱት። በሁለትና በሦስት ሰው የመጡ አሉ። ስለ እነዚህ አንድ መስመር እንኳ አላነበብንም። የምጠይቀው ስለ እነሱ እንድትጽፉ ነው።

ሐምሌ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ የሆነውን ልጥቀስ። ጁሊየን አልፍሬድ የምትባል የሴንት ሉሲያ ልጅ የሴቶችን 100 ሜትር በ10.72 አሸነፈች። ትራኩ በዝናብ ርሷል። ሁሉም የጠበቃት አሜሪካዊቷ ሻካሪ ሪቻርድሰን ከኋላዋ ቀረች። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም፣ ቲያ ላፎንድ የምትባል የዶሚኒካ አትሌት በስሉስ ዝላይ 15.02 ሜትር ዘልላ ወርቅ ወሰደች። ለሁለቱም ደሴቶች በኦሊምፒክ ታሪካቸው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር። ዶሚኒካ 70 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። ሴንት ሉሲያ 180 ሺህ ገደማ። ሁለቱ ተደምረው የካ ክፍለ ከተማን አያክሉም። ቲያ ላፎንድ ደግሞ አስተማሪ ሆና የሠራች ሴት ናት። ግቢዬ ያሉት ልጆች ይህን ሁሉ የሰሙት ከቲክቶክ ነው። ከጋዜጣ ቢያነቡት ደስ ባለኝ።

ጁሊየን ካሸነፈች በኋላ ለጋዜጠኞች የተናገረችው ነገር ከልቤ አልወጣም። ልጅ ሆና በባዶ እግሯ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትሮጥ እንደነበር ተናገረች። የሀገሯ ስታዲየም እንዳልተጠገነም አነሳች። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ቪዩ ፎር በምትባለው ከተማ የነበረው ሆስፒታል ተቃጠለ። ሕመምተኞቹ መግቢያ ሲያጡ ወደ ስታዲየሙ ተዛወሩ። ለጥቂት ጊዜ ነው የተባለው ዓመታት ወሰደ። ሰው ይታከም ወይስ ልጆች ይሩጡ ቢባል ማንም የሚመልሰው ይታወቃል። ግን ያ ትውልድ ትራክ አጣ። ጁሊየን በ14 ዓመቷ ሀገሯን ትታ ጃማይካ ሄዳ ተማረች፤ አባቷን ካጣች ብዙም አልቆየችም ነበር። አንድ ልጅ በዚያ ዕድሜ ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። ከአርሲና ከሰሜን ሸዋ አንድ ፌስታል ልብስ ይዘው ግቢዬ የሚገቡ ልጆችን አያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማታ ማታ አይተኙም።

ትራክ ማጣትን እኛም እናውቀዋለን። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቷል። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሯጮቻችንን የመረጥነው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሆላንድ፣ ሄንግሎ ከተማ ላይ ነው። የአበበ ቢቂላ ሀገር ማጣሪያዋን ባሕር ማዶ አደረገች። እዚህ ሱሉልታ ቀነኒሳ በራሱ ያሠራው ትራክ አለ፤ እግዜር ይስጠው። የቀረው ልምምድ ኮረኮንችና ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው በየጊዜው አጥር እየወረደበት ጠቧል። አስፋልቱን ከሲኖትራክ ጋር ይጋፉበታል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሲወጡ ጨለማ ነው፤ የመኪናው መብራት ሲመጣ ወደ ጠርዙ ዘለው ቆመው ያሳልፋሉ። ለእነዚህ ልጆች ስታዲየሙ ሆስፒታል የሆነባት የሴንት ሉሲያ ልጅ ታሪክ ከማንም በላይ ይገባቸዋል። የአሜሪካው ሯጭ ታሪክ ግን ይርቃቸዋል። እሱ ጂምም፣ ሐኪምም፣ የምግብ ባለሙያም አለው። እነሱ ያላቸው በሶ ነው።

የሴቶቹ ማራቶን የተሮጠው ነሐሴ 5 ቀን ነበር። እኔ ዘንድ ቴሌቪዥን ስላለ ግቢው በሙሉ ሳሎኔ ገብቷል። ሲፋን ሐሰን 2:22:55 ገባች። የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ 3 ሰከንድ ቀርቷት ሁለተኛ ሆነች። መጨረሻ ላይ የተነካኩባትን ቦታ እያነሱ ቤቱ በክርክር ተናወጠ። አንዱ ሲፋን ገፍታታለች ይላል፤ ሌላው ትዕግሥት መንገድ ዘግታባት ነው ይላል። ከዚያ ሁሉም ወጣ።

ማታ ላይ አንዷ ተከራዬ ስልኳን ይዛ መጣች። ይህች ልጅ ከዚያ በፊት አንድ ውድድር አቋርጣ ወጥታ፣ ሰው እንዳያያት ስትሸሽ የከረመች ናት። ስልኩ ላይ ኪንዛንግ ላሞ የምትባል የቡታን ሯጭ አለች። ቡታን ፓሪስ የመጣችው በሦስት አትሌት ነው፤ አንድ ቀስተኛ፣ አንድ ዋናተኛና እሷ። ላሞ አልፎ አልፎ እየተራመደች ነበር የምትመጣው። ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት ከጎኗ ሆኖ ያጅባታል፣ ያጨበጭብላታል። 3:52:59 ገባች። ከሲፋን አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ከጨረሱት ውስጥ 80ኛ፣ የመጨረሻዋ። ልጅቷ መልሳ መላልሳ አየችው። ከዚያ «እትዬ፣ ሀገሯ ስትገባ ምን ብለው ተቀበሏት?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የምጠብቀው ከእናንተ ነበር። በማግስቱ የወጡትን ጋዜጦች ገዛሁ። የነበረው የገፊያው ክርክርና የቡድናችን ወቀሳ ነው። አንድ ወርቅና ሦስት ብር አነሰ ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ይጻፍ፣ ፌዴሬሽኑም ይጠየቅ። ግን ወቀሳ ብቻ እያነበቡ የሚያድጉ ልጆች ምን እንደሚሆኑ እኔ ቤት መጥታችሁ ብታዩት እወዳለሁ። ዘጠነኛ የወጣ ልጅ ለእናቱ ስልክ አይደውልም። ሚኒማ፣ ማለትም ለውድድር መግቢያ የተቀመጠውን ሰዓት፣ ያላሟላች ልጅ በበዓል ሀገሯ አትገባም። ምን ይዤ ልግባ ትላለች። ወርቅ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ውርደት ነው የሚል ነገር ውስጣቸው ገብቷል። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ ቤተሰብ፣ ማናጀር፣ ጋዜጣ፣ ሁላችንም።

እኛም በትንሽ ቡድን ነበር የጀመርነው። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ 12 ስፖርተኞች ነው የያዘችው። ሯጮችና ብስክሌተኞች ናቸው። ሜዳሊያ አልነበረም። ከሯጮቹ አንዱ ማሞ ወልዴ ነው። 800 እና 1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ያኔ ማሞን ማን ከቁም ነገር ጻፈው? ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን አሸንፎ መጣ። በመሃል ሮም ላይ አበበ በባዶ እግሩ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሜልቦርኑን ማሞ ግን የእኔ ግቢ ልጆች አንዳቸውም አልሰሙም ነበር። ስነግራቸው አንዱ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለእሱ ከሮም ወርቅ ይልቅ የማሞ ከማጣሪያ መቅረት ነው የጠቀመው።

ጎረቤቶቻችንንም ዘለናቸዋል። አቴንስ ላይ በ1996 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ስህን ሁለተኛ መውጣታቸውን እናስታውሳለን። ኃይሌ እግሩን ታሞ አምስተኛ መሆኑንም እናስታውሳለን። ሦስተኛው ማን ነበር? ዘርሰናይ ታደሰ ነው። ያ ነሐስ ለኤርትራ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር። በዚያ ሩጫ ላይ ሦስት የአንድ አካባቢ ልጆች መድረኩ ላይ ቆመዋል፤ እኛ የሁለቱን ብቻ ተረክን። ጅቡቲም አለች። ሴኡል ላይ፣ እኛ ኦሊምፒኩን በቀረንበት ጊዜ፣ አህመድ ሳላህ በማራቶን ነሐስ አመጣላት። እስከ ፓሪስ ድረስ የጅቡቲ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያ ነው። ቡሩንዲ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው አትላንታ ላይ ነው። ቬኑስት ኒዮንጋቦ በ1500 ሜትር የነበረውን ቦታ ለሀገሩ ልጅ ለቆ፣ ብዙም ባልለመደው 5000 ሜትር ገብቶ ወርቅ ወሰደ። ቦታውን የለቀቀለት ዲዩዶኔ ክዊዜራ ሀገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ስላልነበራት ለዓመታት ኦሊምፒክን ከሩቅ ሲያይ የኖረ ሯጭ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ጎረቤት ተቀምጦ እንዴት ይታለፋል?

በሩጫ ትልቅ ነን። በሌላው ግን እኛም የምንመጣው በአንድና በሁለት ሰው ነው። በቴኳንዶ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ ለብቻው ነው የወከለን። በፓራሊምፒክም እንዲሁ። ትዕግሥት ገዛኸኝ ማየት የሚቸገሩ በሚወዳደሩበት 1500 ሜትር በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አሸነፈች። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ወርቅ ነው። ፓሪስም ደገመችው። ስሟን ሰፈሬ ውስጥ ብጠይቅ የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ትናንሽ ቡድኖችን መጻፍ ብንለምድ ትዕግሥትም አብራ ትጻፍ ነበር።

ቦታ የለንም ትሉ ይሆናል። የስፖርት ገጻችሁን ግማሽ የሚይዘው የእንግሊዝ ክለቦች የዝውውር ወሬ ነው። ልጆቹም ይወዱታል፣ አልዋሽም። ከእሱ ላይ አንድ አምድ ብቻ ይቀነስ። በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ሀገርና አንድ አትሌት ይውጣ። የት ይለማመዳል፣ ማን ያሠለጥነዋል፣ ምን ሠርቶ ይኖራል፣ ወደ ኦሊምፒክ በምን መንገድ ገባ የሚለው ይጻፍ። ሁሉም በሚኒማ አይደለም የሚገባው። ለትናንሽ ሀገሮች ዩኒቨርሳሊቲ የሚሉት ልዩ ቦታ አለ። በአትሌቲክስ መስፈርቱን ያሟላ ሰው የሌላት ሀገር በአንዳንድ ርቀቶች አንድ ሰው ማሰለፍ ትችላለች። ይህ አሠራር ምን እንደሆነ እንኳ አንድ ቀን በአማርኛ ተብራርቶ አላየሁም። እንደ ችሮታ የሚቆጥሩት አሉ። እኔ አልስማማም። ኪራኒ ጄምስ ከግሬናዳ ነው፤ 110 ሺህ ገደማ ሕዝብ ካላት ደሴት። በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ 400 ሜትርን በ43.94 አሸንፎ ለሀገሩ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አመጣ። ሪዮ ላይ ብር፣ ቶኪዮ ላይ ነሐስ ጨመረ። ከእሱ በኋላ ሌሎች የግሬናዳ ልጆች ፓሪስ ላይ በጦር ውርወራና ዴካትሎን በሚባለው የአሥር ስፖርቶች ውድድር ሁለት ነሐስ ወስደዋል። ለአንዱ በር ሲከፈት ለኋለኞቹም ይከፈታል።

መጀመሪያ የሚሆን ነገርም አለ። በጥቅምት 2019 ዓ.ም. የወጣቶች ኦሊምፒክ ዳካር ላይ ይጀመራል። የኦሊምፒክ ውድድር አፍሪካ ምድር ላይ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሚመጡት ገና ስማቸው ያልታወቀ ልጆች ናቸው። ከኬፕ ቨርዴ፣ ከኮሞሮስ፣ ከሌሶቶ በአንድና በሁለት ሰው የሚመጡ ይኖራሉ። አንድ ጋዜጠኛ መላክ ባትችሉ በስልክም ይሁን በኢንተርኔት አነጋግራችሁ ጻፉላቸው። የእኛን ልጆችም በወርቅ ቆጠራ ሳይሆን በስማቸው አስተዋውቁን። ሎስ አንጀለስ ያለው በሐምሌ 2020 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ አምዱ ይለመዳል።

ሪፖርተራችሁ ሱሉልታ መምጣት ከፈለገ እኔ ግቢ ቡና አለ። ልጆቹ ከልምምድ የሚመለሱት ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ከመጣ ግን ሜዳው ላይ ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሱሉልታ ነዋሪ