ጠብታው ሲቆም ቮልቴጅ አትጨምሩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ለስላሳ ሮቦቶች (ከሚተጣጠፍና ከፈሳሽ ነገር ስለሚሠሩ ሮቦቶች) ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብነው። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ሲጻፍ ማየት ደስ ይላል። ሆኖም ኤሌክትሪክ የፈሳሽ ብረትን ጠብታ እንደ ማግኔት እንደሚስብ ተደርጎ የተገለጸው መታረም አለበት። የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። «ይስበዋል» ብሎ ያመነ ተማሪ ግን ጠብታው ሲቆምበት ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ጠብታውን ጨርሶ የሚያስረውም ይኸው ነው።

ፈሳሽ ብረት ስንል ጋሊየምን፣ ማለትም ትንሽ ሙቀት የሚያቀልጠውን ብረት፣ ወይም ቅይጡን ማለታችን ነው። የጋሊየም ጠብታ ኮስቲክ ሶዳ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ገጹ ነጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ከግራና ከቀኝ ቮልቴጅ ሲሰጠው ቻርጁ በሁለቱ ወገን እኩል መሆኑ ይቀራል፤ ወደ ፖዘቲቭ በዞረው በኩል ይበረክታል። ቻርጅ በበረከተበት የገጽ ውጥረት (ገጹን እንደ ተወጠረ ቆዳ የሚሰበስበው ኃይል) ይላላል፤ ይህን ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋብሪኤል ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1875 በሜርኩሪ አሳይቷል። ገጹ ከላላው ወደ ጠበቀው ወገን ይሸሻል፣ አጠገቡ ያለውን ውሃ ወደ ኋላ ይቀዝፋል፣ ጠብታውም ወደ ፖዘቲቩ ይሄዳል። የጋሊየም የገጽ ውጥረት ከውሃ አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ ትንሽ ልዩነት ይበቃዋል። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ያለው ገጹ ላይ ነው። ገጹ ከተበላሸ ቮልቴጅ አያድነውም።

ገጹን የሚያበላሸው የመጀመሪያው ነገር እኛ ዘንድ ብርድ ነው። ንጹሕ ጋሊየም የሚቀልጠው በ29.76 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሸዋ ሮቢት በሞቃት ቀን ብልቃጡ ውስጥ ራሱ ይቀልጣል፤ ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ድንጋይ ነው። በክብደት 75 እጅ ጋሊየምና 25 እጅ ኢንዲየም (ሌላ ለስላሳ ብረት) የሆነው ቅይጥ በ15.5 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ይህም ለኅዳርና ለታኅሣሥ ውርጭ አይበቃም። ለደጋው የሚሻለው ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት፤ የጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም) የተጨመረበት ነው፦ 6.85 ግራም ጋሊየም፣ 2.15 ግራም ኢንዲየም፣ 1 ግራም ቆርቆሮ። በብርጭቆ አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና ጠጣሩ እስኪጠፋ በፕላስቲክ ዘንግ አማስሉ። የሚቀልጠው በ11 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ሆኖ ሌሊት ሊረጋ ስለሚችል ጠዋት ከመጀመራችሁ በፊት መፍትሔውን፣ ማለትም ጠብታው የሚቀመጥበትን የሶዳ ውሃ፣ እስከ 25 ዲግሪ ያህል አሙቁት። አሳሳቹ ነገር፣ ጋሊየም አንዳንዴ ከመቅለጫው በታች ፈሳሽ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ይረጋል። ሲረጋም በ3 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ ሞልቶ የተከደነ የብርጭቆ ብልቃጥ ይሰብራል፤ ማስቀመጫው ፕላስቲክ ይሁን።

ለሙከራው 10 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 6 ሚሊሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የፕሌክሲግላስ (ብርጭቆ የሚመስል ፕላስቲክ) ቦይ ይበቃል። 2 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በውሃ አሟሙታችሁ 100 ሚሊሊትር ሙሉ። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ይግላል፣ ይፈናጠራልም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው። በሲሪንጅ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ጠብታ (0.2 ግራም ገደማ) ጣሉበት። ቦዩን የሚሞላ ጠብታ ለውሃው መመለሻ ስለማይተው ባለበት ይቀራል። ቦዩ በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ከውሃ ስድስት እጥፍ የሚከብድ ነገር ትንሽ ዘንበል ካለ ራሱ ይንከባለላል፣ ቮልቴጁ የሠራ ይመስላችኋል።

በሁለቱ ጫፍ የግራፋይት ዘንግ አድርጉ። መዳብ ከሆነ በፖዘቲቩ በኩል እየተበላ መፍትሔውን ያበላሻል። ከ5 ቮልት ጀምሩ። በ9 ቮልት የሚያልፈው ኮረንቲ 20 ሚሊአምፔር ገደማ መሆን አለበት፤ እጅግ ከበለጠ ሶዳው በዝቷል ማለት ነው። ፖዘቲቩንና ነጌቲቩን ስትቀያይሩ ጠብታው ይመለሳል። ከዘንጎቹ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሚወጣ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ።

አሁን ወደ መቆሙ እንመለስ። ቮልቴጁ ሲበዛ ከጠብታው ወደ ነጌቲቭ በዞረው ወገን ላይ የኦክሳይድ ቅርፊት ይበቅላል፤ ብርማው ገጽ ይደበዝዛል፣ ይጨማደዳል። ቅርፊቱ ገጹን ስለሚይዘው መቅዘፉ ይቀራል። ሶዳው ያሟሟዋል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮረንቲውን አጥፍታችሁ ገጹ እንደገና እስኪያበራ ጠብቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ቮልቴጁን በአጭር በአጭሩ እያቆራረጡ መስጠት ነው፦ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ሰጥቶ ያንኑ ያህል ማሳረፍ። አርዱዪኖ የሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳና የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይህን ያለ ችግር ይሠራሉ። ገጹ ቶሎ ካልጠራ መፍትሔው አርጅቷል፤ ክፍት የተተወ ሶዳ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጠጣ ይደክማል፣ ይቀየር።

ይህ ከሮቦት ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይናና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጠብታውን ባዶ ጎማ ውስጥ አስገብተው የውስጡን ግድግዳ እንዲወጣ በማድረግ፣ በክብደቱ ጎማውን አንከባልለዋል።

ሁለት ነገር አጥብቀን እንለምናለን። ከተሰበረ ቴርሞሜትር ሜርኩሪ አውጥቶ በጋሊየም ፈንታ የሚሞክር እንዳይኖር፤ ትነቱ መርዝ ነው። ጋሊየሙም ሆነ ሶዳው ከአሉሚኒየም ይራቅ፤ ጋሊየም የነካው የአሉሚኒየም ማንኪያ ወይም ድስት ውሎ አድሮ በእጅ ይፈረፈራል፣ ሶዳውም ይበላዋል። የተረፈውን ቅይጥ በፕላስቲክ ዕቃ ሰብስቡት እንጂ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ውድ ነው፣ በሶዳ ታጥቦም መልሶ ያገለግላል።

እናንተም ወደፊት እንዲህ ያለ ሙከራ ስታትሙ ከቮልቴጁ ጎን የመፍትሔውን መጠንና ሙቀቱን አብራችሁ ጻፉልን።

አክባሪዎቻችሁ፣
በዚህ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ