ለኪሊማንጃሮ ከመመዝገባችሁ በፊት
ሰላም አባላት፣ አስጎብኚ እየመረጣችሁ ያላችሁ ስላላችሁ ነው ይቺን የምጽፈው። እባካችሁ ከዋጋው በፊት የቀኑን ብዛት እዩ። ጫፉ 5,895 ሜትር ነው፣ በ5 ቀን አውጥተን እናወርዳችኋለን የሚሉ አሉ ግን ሰውነት ከፍታውን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው የሚመከረው፣ በየ3 ወይ 4 ቀኑ ደግሞ እረፍት፣ ስለዚህ እኔ 7 ወይ 8 ቀን ያለውን ያዙ ነው የምለው።

ከዛ ጋይዱን ራሱን ጠይቁት፣ ኦክስጅን ይያዛል ወይ፣ አንድ ሰው ቢታመም ማን ይዞት ይወርዳል፣ የቀረነውስ ከማን ጋር እንቀጥላለን? እዛ ስንደርስ እናያለን ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሰውየው መንገዳገድ ከጀመረ ወይ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው መውረድ አለበት፣ ጫፉ ጋ ለመድረስ ትንሽ ቢቀረውም እንኳን!

ኢንሹራንሳችሁ እስከ 6,000 ሜትር መሸፈኑን አረጋግጡ። ዋጋው በጣም ከረከሰ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከተሸካሚዎቹ ደሞዝና ምግብ ነው፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው ሳታፍሩ ጠይቁ። የሰጧችሁን ፕሮግራም ላኩልኝ አብረን እናየዋለን።